እማዬ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ አቆመች

በዚህ ወር ስለ አካል እንቅስቃሴ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የተጻፉ ናቸው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ። እኔም ሰንዳፋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዛሬ ለገጣፎ የምኖር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስለሆንኩ መንገዱንም፣ ጭቃውንም፣ የኮንዶሚኒየሙንም ደረጃ አውቀዋለሁ። ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የሰጠሁት መልስ ረዝሟል። ሌሎቻችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ይህ ጉዳይ የራሴንም ቤት ያንኳኳ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። መሀል ከተማ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ፈርሶ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገባን ሦስት ዓመት ሆነን። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃው ከበዳት። እኛም እንዳትደክም ብለን ገበያውንም፣ ምግብ ማብሰሉንም፣ ሁሉንም ተረከብናት። ከቤት የምትወጣው በወር አንዴ ለኪዳነ ምሕረት ነው፤ እሱም ግራና ቀኝ ተደግፋ። አሁን ግን ከሶፋ ለመነሳት እንኳ እጇን ካልሳብናት አትችልም። ሐኪም ‹የዕድሜ ነው› ብሎ ማስታገሻ ሰጥቷታል። ደረጃ እንድትወጣ ብንገፋፋት ጉልበቷን አንጎዳባትም?»

እህቴ፣ ከደረጃው ይልቅ ሶፋውን ፍሪው።

በቋንቋችን «ጉልበት» ስንል መገጣጠሚያውንም አቅምንም ማለታችን ነው። ሁለቱ አንድ ስም መያዛቸው በሥራዬ በየቀኑ ትዝ ይለኛል። ጉልበትን ከፊት አቅፎ የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው። እሱ ሲሰልል ሸክሙ መገጣጠሚያው ላይ ያርፍና ያማል። ሲያም ሰው ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ጡንቻው የባሰ ይሰልላል። እናትሽ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ውስጥ ሲዞሩ ነው የቆዩት። እናንተ ደግሞ በፍቅር አገዛችኋቸው።

በፍቅር ያልኩት ስለማውቀው ነው። አባቴ ሰንዳፋ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ሲረግጡ ኖረው 68 ዓመታቸው ድረስ ሠርተዋል። ገበያ ቀን ደግሞ ማንም ሳይከተላቸው በእግራቸው ወርደው በእግራቸው ይመለሱ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ክረምት ጭቃ አዳለጣቸውና ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ለስድስት ሳምንት ጀሶ ታሰረላቸው፤ አጥንቱ ገጠመ፤ እጃቸው ዳነ። እኛ ልጆቻቸው ግን አላመንንም። «አባባ አይነሱ» የሚል ቃል በቤታችን ጸሎት ሆነ። የእጅ ማስታጠቢያው ወንበራቸው ድረስ ይሄዳል። ጫማቸውን የልጅ ልጅ ያጠልቅላቸዋል። መጸዳጃው ከቤት ራቅ ይላል ብለን ፖፖ ገዛንላቸው። ስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ተቀመጠ። ጎረቤት ሲመጣ «እንዴት ያሉ ልጆች ናቸው!» ብሎ ይመርቀን ነበር።

በጥር ወር ታቦት ለመሸኘት ሊነሱ ሲሉ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። የተሰበረው እጃቸው ነበር፤ እግራቸውን ምንም አልነካውም። አምስት ወር መቀመጥ ግን የሠላሳ ዓመት ርግጫ የገነባውን ጡንቻ ወሰደው። እኔ ያን ጊዜ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቀን የሌላ ሰው አባት ብብት ሥር ገብቼ «ይነሱ፣ አንዴ ብቻ ይሞክሩ» እላለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ የራሴን አባት «ይቀመጡ» እላለሁ። አረጋዊን ሰው ከወንበር ማስነሳት ነውር መስሎ ይታየኝ ነበር። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ሁለቱንም ዓመት ከአልጋ ወደ ወንበር በሰው እየተያዙ። ዛሬም ድረስ ይህ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ ለእናትሽ የምጽፈው ለአባቴ ሳልነግራቸው የቀረሁትን ነው።

አሁን ወደ ተስፋው ልምጣ፤ ተስፋውም እውነተኛ ነው። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሰዋል። አሥር ቀን ብቻ! መቀመጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚበላ ከዚህ ተረጂ። ተቃራኒውን ደግሞ በቦስተን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ማሪያ ፊያታሮኔ የተባለች ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር አሳይታለች። ጥናቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ አሥር አረጋውያን ለስምንት ሳምንት የጭን ጡንቻቸውን በክብደት እንዲያሠሩ ተደረገ። የጨረሱት ሰዎች የጭን ጥንካሬ በአማካይ ከእጥፍ በላይ አደገ፤ ከመካከላቸው በትራቸውን የጣሉም ነበሩ። እናትሽ ገና 71 ናቸው።

ክብደት የሚያነሱበት ማሽን አያስፈልጋቸውም፤ የራሳቸው ሰውነት ይበቃል። ከሶፋው አትጀምሪ፤ ዝቅ ያለና የሚያሰምጥ ነገር ለደከመ እግር ገደል ነው። ጠንካራ የእንጨት ወንበር ፈልጊ፣ ጀርባውን ከግድግዳ አስጠጊው። የፕላስቲክ ወንበር ከሆነ ይንሸራተታልና እግርሽን ከፊት እግሩ ጋር አድርገሽ ያዢው። ከፍ እንዲል ጋቢ አጥፈሽ ደርቢበት። እናትሽ ወደ ጫፉ ይጠጉ፣ እግራቸውን ወደ ራሳቸው ይሳቡ፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ያጎንብሱ፤ ከዚያ በእጃቸው ወንበሩን ገፋ አድርገው ይነሱ። እጃቸውን አትሳቢ። ሲቀመጡ ነው ትልቁ ሥራ፤ ወንበሩ ላይ ዱብ እንዳይሉ፣ እስከ አራት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ። አምስት ጊዜ ይነሱና ይረፉ። እንደገና አምስት። መጀመሪያ ይህ ብቻ ይበቃል፤ ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ። አምስቱ ሲቀላቸው ስምንት ይሁን፤ ስምንቱ ሲቀል ጋቢውን አንሺው፤ ከዚያ በአንድ እጅ ብቻ ይግፉ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው።

ደረጃውን በሁለተኛው ሳምንት ጀምሩ። የደረጃው ብረት የማይነቃነቅ መሆኑን አስቀድመሽ በእጅሽ ሞክሪው፤ በየብሎኩ የላላ አይጠፋም። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የሚያመው ይቅደም። ሁለቱም እግር አንድ ደረጃ ላይ ከቆመ በኋላ ነው ወደ ቀጣዩ የሚሄዱት። መውረድ ከመውጣት የበለጠ ጉልበትን ይጫናል፤ በዚያች ቅጽበት መገጣጠሚያው የሚሸከመው ከሰውነት ክብደት ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ «ለመውረድማ ምን አለ» እያላችሁ አታጣድፏቸው። የመጀመሪያው ቀን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ብቻ ወርደው ይመለሱ። እዚያ ያለችው ጎረቤት ቡና ካፈላች ደግሞ ተቀምጠው፣ ተጫውተው ይመለሱ፤ ይህን ከማንኛውም ማስታገሻ አስበልጠዋለሁ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሁለተኛ ፎቅ፣ አንደኛ፣ ከዚያ ምድር። የሚረዳቸው ሰው ሲወርዱ ከፊታቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ሲወጡ ከኋላቸው ይቁም።

ሕመሙን በተመለከተ፦ በእንቅስቃሴው ወቅት መጠነኛ ሕመም ቢሰማቸው፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ምንም አይደለም። በማግስቱም ከባሰ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሺ እንጂ አታቁሚ። ጉልበቱ ካበጠና ከተቃጠለ፣ ወይም አልታጠፍም ብሎ ከተቆለፈ ግን ሐኪም ይየው። በእንቅስቃሴ መካከል ደረታቸውን ከጨመቃቸው፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላባቸው ወይም ራሳቸውን ካዞራቸው ወዲያው አስቁመሽ ወደ ሕክምና ውሰጃቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ እህቴ። ከእጃቸው የነጠቃችኋቸውን ሥራ መልሱላቸው። ሽንኩርቱን ቆመው ይክተፉ። ልብስ ያስጡ። ቡና ሲያፈሉ በርጩማው ለጊዜው ዝቅ ይልባቸዋልና ከፍ ያለ ወንበር ይያዙ እንጂ ስኒውን እናንተ አትጠቡላቸው። ወር በገባ በ16 ለኪዳነ ምሕረት ሲሄዱ አንድ ሰው ብቻ ይከተላቸው፤ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጃቸው መቋሚያ ይያዙ። እንግዳ መጥቶ «ምነው እናታችሁን ታለፋላችሁ?» ቢል አትሸማቀቁ።

«ከአያት ለገጣፎ የምሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ፣ ዕድሜዬ 46። በቀን 13 ሰዓት መሪ ላይ ነኝ። ወገቤን ያመኛል፣ ሆዴ ወጥቷል፣ በቅርቡ ደግሞ ግፊትህ 150 በ95 ነው ተብያለሁ። ጂም ለመግባት ጊዜም ገንዘብም የለኝም።»

ወንድሜ፣ ስለ እርስዎ ሙያ የተጻፈ አንድ የቆየ ጥናት አለ። ጄሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንቶ ውጤቱን በ1953 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሹፌሩና ትኬት ቆራጩ አንድ አውቶቡስ ላይ ውለው አንድ ዓይነት ኑሮ ይኖራሉ፤ ልዩነታቸው ሹፌሩ ተቀምጦ መዋሉ፣ ትኬት ቆራጩ ደግሞ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ መዋሉ ነው። የልብ በሽታ ሹፌሮቹን አብዝቶ አጠቃ፤ ትኬት ቆራጮቹ ላይ ግን ያንሳል፣ ሲመጣም ይቀልላል። ሞሪስ በዚህ አላበቃም፤ ሹፌሮቹ ገና ሲቀጠሩ ወፈር ያሉ እንዳይሆኑ ብሎ የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ ሳይቀር መረመረ፤ እውነትም የሹፌሮቹ ሱሪ ሰፋ ያለ ሆኖ አገኘው። ቢሆንም የእንቅስቃሴው ነገር ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ጥናቶች ጸንቷል። እሱ ራሱ በእንቅስቃሴ የሚያምን ሰው ነበርና 99 ዓመት ኖሯል።

እኔ በዚያው መስመር ስለምመላለስ ረዳቶቹን አያቸዋለሁ፤ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ፣ ዕቃ ያነሳሉ። እርስዎም በቀን ጥቂት ጊዜ ረዳት ይሁኑ። ለገጣፎ ተራ ይዘው ሲጠብቁ ከመኪናው ይውረዱ። መጀመሪያ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው አምስት ጊዜ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይለጠጡ፤ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት የታጠፈ ወገብ የሚጠማው እሱን ነው። ከዚያ የበሩን እጀታ ይዘው፣ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ያህል ዝቅ እያሉ አሥር ጊዜ ይነሱ። በተረፈው ጊዜ ተራው እስኪደርስ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ተራ አስከባሪው ይጠራዎታል። በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ቢያገኙ 30 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 150 ደቂቃ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል፣ ከዚያም ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ፍጥነቱን የሚለኩት በትንፋሽዎ ነው፤ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎት ልክ ነው።

የኋላ ኪስዎ ውስጥ ያለውን የገንዘብ ቦርሳ አውጥተው ዳሽቦርዱ ላይ ያድርጉት፤ አንዱን ዳሌ ከፍ አድርጎ ወገብ ያጣምማል። ግፊትዎን በተለያዩ ቀናት ደጋግመው ያስለኩ፤ መድኃኒት ከታዘዘልዎት እንቅስቃሴ ጀመርኩ ብለው አያቁሙ። በትጋት የሚሠራ ሰው የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ሊወርድለት ይችላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ጫት የሚይዙ ከሆነም በግልጽ ልንገርዎት፤ ጫት ራሱ ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ በዚያ ላይ ሩጫ መጨመር ለልብ ሁለት ጭነት ነው።

«ሰበታ ነው የምኖረው፣ 54 ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ። ጠዋትና ማታ ኪኒን እወስዳለሁ። ሐኪሜ ‹በእግርሽ ሂጂ› ብሎኛል። ሁዳዴ ሲገባ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ስሄድ ያንቀጠቅጠኛል። በሕማማት ደግሞ ስግደት አለ። እንዴት ላድርግ?»

መንቀጥቀጡን አይናቁት። ስኳርዎ ከሚገባው በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ከ70 በታች ሲሆን ሰውነት የሚጮኸው እንዲህ ነው፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ዓይን ብዥ ማለት። መጀመሪያ የመድኃኒትዎን ስም ይዩ። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ፣ ባዶ ሆድ ላይ መራመድ ስኳርን አደገኛ እስከሚሆን ሊያወርደው ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ከሆነ ይህ ስጋት ዝቅተኛ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከመግባቱ በፊት ከሐኪምዎ ጋር መጠኑንና ሰዓቱን ይነጋገሩ። ከንስሐ አባትዎም ጋር እንዲሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምታዝን ናት፣ ሕመምዎን ሳይነግሯቸው ብቻዎን አይወስኑ።

እየጾሙ የሚራመዱ ከሆነ ሰዓቱን ያዙሩት። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የነበረውን ጉዞ ትተው፣ ከበሉ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይራመዱ። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባልና፣ እንጀራና ሽሮው ደም ውስጥ በሚገባበት ሰዓት መራመድ ከሁሉ የተሻለ ነው። ከእራት በኋላም ግቢ ውስጥ ይድገሙት። መንቀጥቀጡ ከመጣ ግን ጾም ነው ብለው አይታገሉ፤ ወዲያው ቁጭ ብለው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፣ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ካልተሻለዎት ይድገሙ።

ስለ ስግደት፦ በአካል በኩል ሲታይ ስግደት ጭንን፣ ዳሌንና ትከሻን በአንድ ላይ የሚያሠራ ከባድ እንቅስቃሴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳይሰግዱ ቆይተው በስቅለት ዕለት በብዙ ቁጥር የሚሰግዱ ሰዎች በትንሣኤ ማግስት ጉልበታቸውን ይዘው ይመጡብኛል። ሁዳዴ ሲገባ ጀምሮ በቀን ጥቂት እየሰገዱ ሰውነትዎን ያዘጋጁ። ማታ ማታ የእግርዎን መዳፍ በመስታወት ይዩ፤ ስኳር ያለበት እግር እሾህ ቢወጋው ላይሰማው ይችላል። ለመንገዱም ክፍት ጫማ አያድርጉ።

«ቱሉ ዲምቱ በግንባታ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ብሎኬትና ሲሚንቶ እሸከማለሁ። ስፖርት መሥራት አለብኝ ወይ?»

ወንድሜ፣ ያንተ ሰውነት የጎደለው ዕረፍት ነው። ስፖርት ሰው አቅሙን አይቶ የሚጨምረው፣ ሲደክም የሚያቆመው ነው፤ ሸክም ግን ፎርማኑ እስኪያቆም አይቆምም፤ ለዚህ ነው ሁለቱን እኩል የማላያቸው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ ብቻህን ከመሬት አታንሳው። ለሁለት አንሱት፣ ወደ ደረትህ አስጠጋው፣ ይዘህ ወገብህን አታዙር፤ በእግርህ ዙር። ማታ ጀርባህ ላይ ተኝተህ ጉልበትህን ወደ ደረትህ እየሳብክ ጥቂት ደቂቃ ቆይ። እግርህ ድረስ የሚወርድ መደንዘዝ ወይም ሽንት የመቆጣጠር ችግር ካየህ ነገ ዛሬ ሳትል ታከም።

«ጡረተኛ ነኝ፣ 64 ዓመቴ፣ ከቡራዩ። ልጄ ስልኬ ላይ እርምጃ የሚቆጥር ነገር ጭኖልኝ በቀን 10,000 ካልሞላህ ዋጋ የለውም ይለኛል። እኔ ከ5,000 አልፌ አላውቅም። ከንቱ ነው የምለፋው?»

በፍጹም ከንቱ አይደለም፣ ጋሼ። ያ ቁጥር የመጣው ከሐኪም ቤት አይደለም። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያሸነፈው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ጃፓን በዚያ ኦሊምፒክ ስሜት ውስጥ እያለች፣ በዓመቱ አንድ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ገበያ አወጣ፤ ስሙን «ማንፖ ኬይ» አለው፣ የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። የሚያምር ቁጥር ነበርና በዓለም ዞረ። በ2022 እ.ኤ.አ. 15 ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ ምርመራ ሲወጣ፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ጥቅሙ ከ6,000 እስከ 8,000 እርምጃ አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል። እርስዎ 5,000 ላይ ነዎት፤ አንድ ሺህ ብቻ ይጨምሩ። አንድ ሺህ እርምጃ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ልጅዎም አብሮዎት ቢሄድ ደስ ይለኛል።

«ከሐዋሳ ወደ ሱሉልታ በሥራ ከተዛወርኩ ሁለት ወሬ ነው፣ 26 ዓመቴ። ጠዋት አትሌቶቹ ሲሮጡ እያየሁ ቀናሁና እኔም ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ ሳልሮጥ ትንፋሼ ይቆረጣል፤ ቅልጥሜንም ያመኛል። ውሾቹ ደግሞ ሊበሉኝ ነው።»

እሰይ፣ ጎበዝ! ትንፋሽሽ የተቆረጠው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሰውነት ከሳምንታት በኋላ ይለማመደዋል። ደረጃ ስትወጪም የምትዝይ፣ ፊትሽም የገረጣ ከሆነ ግን የደም ማነስ እንዳይሆን ደምሽን ተመርመሪ፤ ወር አበባ የሚበዛባቸው ሴቶች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አያጋጥመኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

አትሌቶቹን ስታዪ ፍጥነታቸውን ብቻ አትመልከቺ። ቀላል በሚሉት ቀን ምን ያህል ቀስ ብለው፣ ባሕር ዛፉ መካከል በሰልፍ እየተጠማዘዙ፣ አስፋልቱን ትተው ሣርና አፈር ላይ እንደሚሮጡ አስተውዪ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። አንድ ደቂቃ በዝግታ ሩጪ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመጂ፤ ይህን ስምንት ጊዜ ደጋግሚ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ አንድ ቀን እያረፍሽ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሩጫውን ሁለት ደቂቃ አድርጊው። በማትሮጪበት ቀን ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልተሽ በሁለት እጅሽ ያዢና እንደ ወንበር ዝቅ እያልሽ ተነሺ፣ በእግር ጣትሽም ቁሚ፤ ቅልጥምሽን የሚጠብቀው የባትሽ ጥንካሬ ነው። የቅልጥምሽን አጥንት በጣትሽ ተጫኚው። ሕመሙ በቁመቱ የተበተነ ከሆነ ጭነት በዝቶበት ነው፤ ስትቀንሺ ይተውሻል። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ ሌሊትም የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን አጥንቱ ሊሰነጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላልና ሩጫውን አቁመሽ ተመርመሪ።

ውሾቹን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ ትጽፉልኛላችሁ፤ ዳር ከተማ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ሳይነጋ ብቻሽን አትውጪ፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከተቻለ ከሌላ ሴት ጋር። ውሻ ሲመጣብሽ አትሩጪ፤ ሩጫ ያሳድደዋል። ቁሚ፣ ዓይን ዓይኑን አትዪው፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በዪ፤ አብዛኛው ይህን ያውቀዋልና ይመለሳል። ከዚያ ፊትሽን ሳታዞሪ ወደ ጎን እየራቅሽ ሂጂ። ከነከሰሽ ወይም ከቧጨረሽ፣ ትንሽ ቢሆንም፣ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ስለ እብድ ውሻ ክትባት ጠይቂ፤ የተሰጠሽንም ቀጠሮ እስከ መጨረሻው ጨርሺ። የባህል መድኃኒት ልሞክር ብለሽ ቀን አታሳልፊ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ስትጨርሺ ጻፊልኝ፤ የቅልጥምሽን ነገር ደግሞ የትኛው እግር እንደሆነና ከቁርጭምጭሚትሽ ስንት ጣት ከፍ ብሎ እንደሚያምሽ ለክተሽ ጨምሪበት።